ባለ ጉዳይና ድረ ገጽ

በቋንቋችን ከሹም የሥራ ገበታ ፊት ለሚቆም ሰው የተሰጠው ስም «ባለ ጉዳይ» የሚል ነው። «ባለ» የምትለው ቃል ባለቤትነትን የምታመለክት ናት፤ ባለ ርስት ርስቱ የእርሱ የሆነ፣ ባለ ዕዳም ዕዳው በእርሱ ላይ ያለ ነው። ባለ ጉዳይም እንዲሁ ጉዳዩ የራሱ የሆነ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ የወንበሩ፣ የማኅተሙና የመዝገቡ ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ የጉዳዩ ባለቤት ግን በበሩ የገባው ሰው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «ተገልጋይ» የሚል ሌላ ስም ገብቷል። እርሱም ክፉ ስም አይደለም፤ ነገር ግን ተገልጋይ በተባለ ጊዜ ሥራው ሁሉ የአገልጋዩ ይሆንና ሰውየው እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ብቻ ሆኖ ይታያል። እኔ የፊተኛውን ስም እመርጣለሁ። የመንግሥት ድረ ገጽ እንዴት ቢሰናዳ ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄም ከዚህ ስም የተሻለ መነሻ አላገኘሁለትም።

ዛሬ የመሥሪያ ቤት በር ሁለት ሆኗል። አንደኛው ዘበኛ የሚቆምበት የብረት በር ነው፤ ሁለተኛው በስልክ መስተዋት ላይ የሚከፈተው ድረ ገጽ ነው። ባለ ጉዳዩ ወደ ብረቱ በር ከመምጣቱ አስቀድሞ በሁለተኛው በር ብቅ ቢል፣ ምን ይዞ፣ ወዴትና መቼ መሄድ እንዳለበት ሊያውቅ ይችላል። ይህም የሆነ እንደ ሆነ አንድ ቀን፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሲሆን ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ ይተርፈዋል።

ነገር ግን የብዙዎቹን መሥሪያ ቤቶች ገጽ ከፍቶ የተመለከተ ሰው፣ ይህ በር ለማን ተብሎ እንደ ተሠራ ሳይጠራጠር አይቀርም። በመጀመሪያ የኃላፊው ፎቶግራፍና መልእክት ይመጣል። ከዚያ ራእይ፣ ተልእኮና እሴቶች በተርታ ይሰለፋሉ። ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ አመሠራረት ታሪክ፣ ከዚያም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ የመዋቅር ሥዕል ይከተላል። ዝቅ ሲል ደግሞ በልዩ ልዩ አዳራሾች የተደረጉ ስብሰባዎች ፎቶግራፍ ይታያል። «አገልግሎቶቻችን» የሚል ነገር ቢገኝ እንኳ ከፍተው ሲያዩት የዳይሬክቶሬቶች ስም ዝርዝር ነው። ባለ ጉዳዩ ግን የጠፋበትን ማስረጃ ምትክ ለማግኘት የመጣ እንጂ ዳይሬክቶሬት ፍለጋ የመጣ አይደለም። ጉዳዩ በየትኛው ዳይሬክቶሬት ሥር እንደሚወድቅ የሚያውቅ ቢሆን ኖሮማ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በሆነ ነበር፤ ሠራተኞቹም ቢሆኑ መዋቅሩ በተለወጠ ቁጥር ለጥቂት ወራት ሲደናገሩ አይቻለሁ።

ይህ የሆነው በክፋት አይደለም። የድረ ገጹ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው፤ የዚህ ክፍል ሥራ ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ማስተዋወቅ ስለ ሆነ የሚያውቀውን ይሠራል። እያንዳንዱ የሥራ ክፍልም ስሙ ከገጹ እንዳይቀር ይፈልጋል፤ ከቀረ እንደ ተናቀ ይቈጥረዋል። እንዲህ እያለ መዋቅሩ ራሱ የገጹ ማውጫ ይሆናል። በመጨረሻ የሚወጣው ነገር ለሠርግ እንደ ተነሣ ፎቶግራፍ ነው፤ ሁሉም ዘመድ አለበት፣ ለተመልካቹ ግን ከሙሽሮቹ በቀር ማንም አይለይም።

እኔ የማገለግልበት መሥሪያ ቤት ድረ ገጹ እንደ ገና እንዲታደስ በወሰነ ጊዜ፣ ጽሑፉን ከሚያዘጋጁት ሰዎች አንዱ እንድሆን ታዘዝሁ። ኮሚቴው መጀመሪያ ያደረገው ለየክፍሉ ደብዳቤ ጽፎ ጽሑፍ እንዲልኩለት መጠየቅ ነበር። ጽሑፉም መጣ፤ እጅግ ብዙ ጽሑፍ መጣ። ሁሉም በሚገባ የተጻፈ ነው፤ ሁሉም «የሥራ ክፍላችን» ብሎ ይጀምራል። በመዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ያገለገሉ አንድ አዛውንት የኮሚቴው አባል ክምሩን ከተመለከቱ በኋላ፣ «ሰው ምን ሊል እንደሚመጣ ማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ ዘበኛውን ለምን አትጠይቁትም?» አሉን። ሳቅ ሆነ። እኔ ግን ነገሩ እውነት መስሎ ስለ ታየኝ በማግሥቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከበሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጬ ማስታወሻ መያዝ ጀመርሁ።

ዘበኛው ስለ መሥሪያ ቤታችን የሚያውቀው ነገር ከብዙዎቻችን እውቀት የሚበልጥ ሆኖ አገኘሁት። ሰው ከበሩ ሲደርስ የሚጠይቀውን፣ ተመልሶ ሲወጣም የሚያማርረውን የሚሰማው እርሱ ነው። ጥያቄዎቹም የሚያስገርም ያህል ተመሳሳይ ነበሩ። ኮፒ ይበቃል ወይስ ዋናው ያስፈልጋል? ክፍያው ስንት ነው፤ የሚከፈለውስ እዚህ ነው ወይስ ባንክ? በእኔ ፈንታ ልጄ ቢመጣ ይሆናል? ፎቶግራፉ ስንት ይሁን? ዛሬ ባስገባ መቼ ልመለስ? የቀበሌው ደብዳቤ ቀኑ አልፎበታል ይሉኛል፤ ስንት ጊዜ ነው የሚያገለግለው? ከእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ በዚያን ጊዜ በነበረው ድረ ገጻችን ላይ መልስ ያገኘው አንድም አልነበረም። የማቋቋሚያ አዋጁ ግን ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው ተጽፎ ይገኝ ነበር።

ከበሩ ማዶ ባለው የእግር መንገድ ላይ ደግሞ በጃንጥላ ጥላ ሥር ኮምፒዩተርና ማተሚያ አስቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ አሉ። ከእርሳቸው ዘንድም ተቀምጬ አሠራራቸውን ተመለከትሁ። እርሳቸው ሰው ሲመጣባቸው ስሙን አስቀድመው አይጠይቁም። «ምን ገጥሞዎት ነው?» ይላሉ። ከዚያ «ምን ማስረጃ ይዘዋል?» ይላሉ። በመጨረሻም «ታዲያ ምን እንዲያደርጉልዎ ነው የሚፈልጉት?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ከላይ የሚጽፉት አንድ መስመር ነው፤ «ጉዳዩ፦ የጠፋብኝ ማስረጃ ምትክ እንዲሰጠኝ ስለ መጠየቅ»። ሰውየው የተናገረው የግማሽ ሰዓት ታሪክ በዚህች መስመር ተጠቃለለ። አንባቢ ልብ ብሎ እንዲያይልኝ የምፈልገው የመስመሯን አነጋገር ነው። የምትናገረው ሰውየው ሊያደርገው ስለ ፈለገው ነገር ነው፤ የክፍል ስም የለባትም። በአገራችን የደብዳቤ ሥርዓት ጉዳዩ ከሰላምታው በፊት ይቀመጣል፤ ይህም ሹሙ ጊዜው እንዳይባክን ተብሎ የተደረገ ነው። ሹሙ የባለ ጉዳዩን ጉዳይ በመጀመሪያው መስመር እንዲያውቅ ይህን ያህል ከታሰበለት፣ ባለ ጉዳዩስ የመሥሪያ ቤቱን መልስ በመጀመሪያው መስመር ቢያገኝ ምን ይከለክላል?

በዚህ ነገር ላይ በተደራጀ መንገድ የሠሩ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ የእንግሊዝ መንግሥት ሥራ በሰፊው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ማርታ ሌን ፎክስ የተባሉት ሴት የመንግሥቱን ድረ ገጾች እንዲመረምሩ ታዝዘው፣ ጥቂት በጥቂት ከማሻሻል ይልቅ ከሥር መለወጥ እንደሚሻል ጻፉ። በ2011 በካቢኔው ጽሕፈት ቤት ሥር አንድ የዲጂታል አገልግሎት ክፍል ተቋቋመ። በጥቅምት 2012 ደግሞ ዳይሬክትገቭና ቢዝነስ ሊንክ የተባሉት ሁለት ታላላቅ ድረ ገጾች ቀርተው ገቭ ዶት ዩኬ የሚባለው አንድ ገጽ ተተካ፤ የሚኒስቴሮቹም ገጾች ቀስ በቀስ ወደ እርሱ ተጠቃለሉ። ክፍሉ ካወጣቸው 10 የሥራ መመሪያዎች የመጀመሪያው፣ ሥራ ሁሉ መንግሥት ሊናገረው ከሚወደው ሳይሆን ሰው ከሚያስፈልገው ነገር ይጀምር የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ መንግሥት መሥራት ያለበትን ብቻ ይሥራ የሚል ነበር። በዚህ ምክንያት ከቀድሞው ጽሑፍ ብዙው ተጣለ። ከተጣሉት ውስጥ ንብ ስለ ማነብ የሚሰጠው ምክር ይጠቀሳል፤ በዚያ አገር ንብ አርቢዎች ከማኅበሮቻቸው የተሻለ ምክር ስለሚያገኙ መንግሥት በዚህ ሊደክም አይገባውም ተባለ። በ2013 የለንደን የዲዛይን ሙዚየም ገጹን የዓመቱ ምርጥ ዲዛይን ብሎ ሸለመው። ጌጥ የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ የሆነ ገጽ ይህን ሽልማት ማግኘቱ ያን ጊዜ ብዙዎችን አስገርሞ ነበር።

የንቡን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ አገር ገበሬ ስለ ንብ ከመንግሥት የሚፈልገው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ዘመናዊ ቀፎ ማግኘት፣ ማሩን ለገበያ ማቅረብ፣ ለሰብል የሚረጨው መድኃኒት ንቡን ሲፈጅበት ለማን እንደሚናገር ማወቅ ይፈልጋል። እንግዲህ ከእንግሊዞቹ ልንወስደው የምንችለው የጥያቄውን መንገድ ነው እንጂ የመልሱን ዝርዝር አይደለም። ሌላም ምሳሌ አለ። የሕዝብ በዓላትን የሚመለከተው ገጻቸው የሚቀጥለው በዓል የሚውልበትን ቀን በትልልቅ ፊደል ከላይ ያሳያል፤ ሰው ወደዚያ ገጽ የሚሄደው ስለዚህ ብቻ እንደ ሆነ ስላወቁ ነው። እኛ ዘንድ ይህን ለማድረግ ሁለት የዘመን አቈጣጠር፣ ባሕረ ሐሳብና የጨረቃ መታየት በመካከል ይገባሉ፤ ይህ ግን ገጹ የሚፈልገውን ድካም ቢጨምር እንጂ የሰውየውን ጥያቄ አይለውጠውም።

የጥያቄው መንገድ እንዲህ ነው። ማንኛውም ጽሑፍ በገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት አዘጋጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ «እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ማድረግ ያስፈልገኛል፤ ይኸውም ይህን ለማግኘት ነው» ይላል። ለምሳሌ «እኔ አባቴ የሞተብኝ ልጅ ነኝ፤ የሞቱን ምዝገባ ማስረጃ ማውጣት ያስፈልገኛል፤ ይኸውም የወራሽነት ጥያቄ ለፍርድ ቤት ለማቅረብ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰው የሚናገረው እውነተኛ ነገር ነው። በኮሚቴያችን ውስጥ አንድ ባልደረባዬ ይህን በሰማ ጊዜ «እኔ ዜጋ ነኝ፤ የመሥሪያ ቤቱን እሴቶች ማወቅ ያስፈልገኛል፤ ይኸውም እሴቶቹን ለማወቅ ነው» ብሎ ጻፈና አስነበበን። እየቀለደ ነበር፤ ቀልዱ ግን ከብዙ ክርክር ይልቅ ጠቀመን። ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ አንድ ጥያቄ እናቀርብ ጀመር፤ ይህ ጽሑፍ ባይኖር ማን ምን ይጐድልበታል? መልሱ የክፍሉ ሹም ቅር ይለዋል የሚል ብቻ ሲሆን ጽሑፉን እናስቀረዋለን።

ይህን ጥያቄ እንደ ዋዛ እንዳላየው ያደረገኝ በበሩ አጠገብ በተቀመጥሁበት ወራት ያየሁት አንድ ነገር ነው። ከገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ልጃቸው ከዐረብ አገር የላከችላቸውን የውክልና ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ልጅቱ በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ጉዳይ በስሟ እንዲጨርሱላት ነው የወከለቻቸው። ወረቀቱ የኤምባሲው ማኅተም አለበት፤ እርሳቸውም ማኅተም ካለበት ሌላ ምን ይጐድለዋል ብለው አስበዋል። ነገር ግን በውጭ አገር የተሰጠ ውክልና አስቀድሞ በውጭ ጉዳይ በኩል መረጋገጥ ነበረበት፤ ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ዘበኛው «አባቴ፣ መጀመሪያ ወደዚያ ነው የሚሄዱት» አላቸው። «ልጄ፣ ይህን እዚያው አገሬ ሳለሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አሉት። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ ነበር፤ እስከ ሰኞ በማን ቤት እንደሚያድሩ አላውቁም ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ገጻችን ስለ ውክልና ምን ይል እንደ ነበረ ቢሮዬ ገብቼ አየሁ። ውክልና ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በሕግ ቋንቋ በሚያምር አነጋገር ተተርጕሟል። ወዴት ቀድሞ መሄድ እንደሚያስፈልግ ግን አይናገርም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። እኒህ ሽማግሌ ድረ ገጽ አያነቡም፤ ታዲያ በገጹ ላይ ቢጻፍስ ምን ይጠቅማቸዋል ይላሉ። ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን እርሳቸው ባያነቡ የጎረቤታቸው ልጅ ያነባል፤ የከተማው ራፖር ጸሐፊ ያነባል፤ ልጅቱም ራሷ ከምትሠራበት ቤት ሆና በስልኳ ታነባለች። የአገራችንን የመንግሥት ገጽ የሚያነበው ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ሌላ ሰው የሚያነብ ነው። ይህን ስናውቅ የጽሑፉ ዐቅድ ይለወጣል። አንባቢው ጽሑፉን ለሌላው በስልክ ሊነግረው እንዲችል ዓረፍተ ነገሩ አጭር መሆን አለበት፤ አትሞ ሊሰጠው እንዲችል አንዱ ጉዳይ በአንድ ወረቀት ላይ ማለቅ አለበት። ኢንተርኔቱን በፓኬጅ የሚገዛ ሰውም የኃላፊውን ትልቅ ፎቶግራፍ በራሱ ገንዘብ እንዲያወርድ ማስገደድ አይገባም። እንግሊዞቹ ጽሑፋቸውን የ9 ዓመት ልጅ በሚረዳው ቃል እንዲጻፍ ይመክራሉ፤ እኔም ይህን ምክር ለሕግ ክፍላችን ባቀረብሁ ጊዜ ፊታቸው ጠቈረ። በኋላ ግን የሕጉን ቃል እንዳለ ለሚፈልግ ሰው ከታች አስቀምጠን፣ ከላይ በተራ አማርኛ ለመጻፍ ተስማማን።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቧል። ሰው ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሳይንከራተት ጉዳዩን እንዲጨርስ የታሰበ ስለ ሆነ፣ ከላይ ካልሁት ሐሳብ ጋር አንድ መንገድ ነው። መስኮቶቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ጽሑፎቹም አንድ ላይ መሆን ይገባቸዋል፤ አባቱ የሞተበት ልጅ ጉዳዩ በስንት መሥሪያ ቤት እንደሚያልፍ ሊያውቅ አይገደድምና።

ከሁሉ ያደከመን ግን መጻፉ ሳይሆን መጠበቁ ነው። ክፍያ ይለወጣል፤ ቅጽ ይለወጣል፤ መስኮት ከአንደኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ ይዛወራል። ያለፈው ዓመት ክፍያ የተጻፈበት ገጽ ምንም ካልተጻፈበት ገጽ የከፋ ነው፤ ሰውየው አምኖት ገንዘቡን ቈጥሮ ይመጣልና። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የተመረመረበትን ቀን እንጽፋለን፤ በውስጥ መዝገባችንም ገጹን የሚጠብቀው ሰው ስም ተይዟል። ይህን ሰው ከየክፍሉ ማግኘት ራእይ የሚጽፍ ሰው ከማግኘት ይልቅ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖብን ነበር። የኃላፊው መልእክትም ነገር ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ ኃላፊው ራሳቸው የዘበኛውን ጥያቄዎች ማስታወሻ ካነበቡ በኋላ «የእኔ ወደ ታች ይውረድ» ብለው ጨረሱት።

አሁን ገጻችን ሲከፈት በመጀመሪያ የሚታዩት ከበሩ የሰበሰብናቸው ጉዳዮች ናቸው፤ «የጠፋ ማስረጃ ምትክ ማውጣት»፣ «ከውጭ አገር የመጣ ውክልና ማስመዝገብ» እያሉ ይወርዳሉ። ራፖር ጸሐፊው አንዳንዶቹን አትመው በጃንጥላቸው ምሰሶ ላይ አንጠልጥለዋቸዋል። አንዱ ግን እስከ ዛሬ አልተጻፈም። ዘበኛው ደጋግሞ ይጠየቅ ከነበረው ውስጥ፣ መፈረም የማይችል ሰው በጣት አሻራ ሲፈርም ምስክር ያስፈልገዋል ወይ፣ ቢያስፈልገውስ ስንት የሚል ጥያቄ ነበረበት። ለሕግ ክፍሉ ባቀረብነው ጊዜ ሁለት አለ፤ የመዝገብ ክፍሉ በአሠራራችን አንድ ይበቃል አለ፤ በመስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ደግሞ እስካሁን ሦስት ስትጠይቅ እንደ ነበረ ነገረችን። ሦስቱም ለዓመታት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል። ለገጹ የሚሆን አንድ መልስ እስኪገኝ ድረስ ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጥሯል።